ለወንበሩ ነው የምነሳው

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የሱሉልታ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ጃኬት ይዛችሁ ኑ ብዬ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጽፌ ነበር፤ እንደማየው የሰማኝ የለም። ከእንጦጦ ማዶ ነን እኮ! ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትሰሙኝ። ሯጮቻችን እዚህ ድረስ የሚመጡት ለዚሁ ነው፤ አየሩ ሳንባ ይሠራል ይላሉ። እኛ ልጆች ሆነን የምንሮጠው ብርዱን ለማምለጥ ነበር።

አዘጋጅ ኮሚቴው በመርሐ ግብሩ ላይ የንግግሬን ርዕስ «ከእረኝነት እስከ ከንቲባነት» ብሎ አትሞታል። ሳይጠይቁኝ ነው ያተሙት፤ ይሁን፣ ሁለቱም ውሸት አይደለም። ከብት ጠብቄአለሁ። ከዋና ከተማዋ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷም ለአራት ዓመት ያህል ከንቲባ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሱሉልታ አይደለችም፤ ስሟን ግን ዛሬ አልጠራም፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ። በርዕሱ ውስጥ የማይመቸኝ «እስከ» የምትለዋ ቃል ናት። እረኝነቱ አንድ ቦታ ላይ ያለቀ፣ ከንቲባነቱም መድረሻ የሆነ ታስመስለዋለች።

ስለ ራሴ ያለውን ቶሎ ልጨርሰው። የተወለድኩት ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቴ ገብስ ያርሳል፣ ድርቆሽ ያጭዳል፤ እናቴ ወተት ትሸጣለች። ጎሕ ሳይቀድ ወተቱን በጄሪካን አድርጌ አስፋልቱ ዳር አደርስና ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ዶርም የገባሁ ዕለት የክፍል ጓደኞቼ «አንተ ልጅ ወተት ወተት ትሸታለህ» አሉኝ፤ ሁለቱ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ አልጠቁምም። ሕግ አጠናሁ። ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ሌሊቱን ያሳለፍኩት በትጋት ብቻ አይደለም፤ ከዶርሙ ይልቅ ይሞቅ ነበር። ሌላውን ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ከኛ መካከል ግማሹ አለው።

ይልቅ ስለ ሁለት ሰዎች ላውራችሁ። ከንቲባ በነበርኩ ጊዜ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፋቸውን ብሰቅል ኖሮ ብዬ አሁን አስባለሁ።

ከንቲባ የሚለው ማዕረግ የድሮ ነው፤ የጎንደርን ከተማ የሚያስተዳድረው ሹም ነበር እንዲያ የሚባለው። ከነዚህ የጎንደር ከንቲቦች አንዱ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ጎባው ይባሉ ነበር። ከጣና ምዕራብ፣ ከአለፋ የተገኙ ልጅ ናቸው። ሚሲዮናውያን አግኝተው ወደ ውጭ አገር ወሰዷቸው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ባለው የክሪሾና ትምህርት ቤት ተማሩ። ቋንቋ ይዘው ተመለሱና ዐፄ ምኒልክን አገለገሉ። በመጨረሻም ጎንደርን የሚያህል ከተማ በእጃቸው ገባ። የዚያ ዘመን ሹመት በደም ሐረግ እንደነበር አትርሱ። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚጠራ ስም የሌለው ሰው ከደጅ ነው የሚመለሰው።

ሁለተኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ኅሩይን ሁላችንም የምናውቃቸው በመጽሐፋቸው ነው፤ «ወዳጄ ልቤ»ን ያላነበበ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ አላጋጠመኝም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደነበሩም እናውቃለን። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ እንደነበሩ ግን እኔ ራሴ ያወቅሁት ከንቲባነቱን ከተውኩ በኋላ ነው። በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ፣ ደን በምትባል ቦታ ተወለዱ። ከትልቅ ቤት የተወለዱ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይዘው እንጦጦ መጡ፤ እንጦጦ ራጉኤል ተማሩ፣ ጻፉ፣ በዚያው በጽሕፈታቸው ታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ግምት ልጨምር፣ የኔ ግምት ነው። ከመርሐቤቴ ወደ እንጦጦ በእግሩ የሚመጣ ልጅ የጀማን ሸለቆ ወጥቶ፣ በሰላሌ ደጋ አድርጎ፣ ይህንን የሱሉልታን ሜዳ ሳያቋርጥ በየት ያልፋል? ከመጣ በዚህ ነው የመጣው። ክረምት ከነበረ ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከመንደሩ ሰው ቤት አንድ ሌሊት ሳያድር አይቀርም፤ አንዷ ሴትዮም አንድ ዋንጫ ወተት ሳትሰጠው አትቀርም። የቆሎ ተማሪ ነዋ! ይህችን ሴትዮ የትኛውም መጽሐፍ አያነሳትም። እኔ ግን ስለ ኅሩይ ባሰብኩ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች፤ ምናልባት እናቴን ስለምትመስለኝ ይሆናል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1919 አንድ ላይ አሜሪካ ሄዱ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማለቁ ነበርና በደጃዝማች ናደው የሚመራ መልእክተኛ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን የደስታ መግለጫ ሊያደርስ ተላከ። ገብሩ በዚያ ጉዞ ላይ ነበሩ፣ ኅሩይም ነበሩ። አስቡት እንግዲህ። አንዱ ጎንደርን፣ አንዱ አዲስ አበባን ያስተዳደሩ፣ ሁለቱም በአባታቸው ስም ሳይሆን በፊደል የመጡ ሰዎች፣ ኒው ዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ቆመው ሽቅብ ሲያዩ። የከተማ ሹም ሌላ ከተማ ሲሄድ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ሐውልት አያይም፣ ቱቦ ነው የሚያየው። ፍሳሹ በየት ይሄዳል? ቆሻሻውን ማን ያነሳዋል? መንገዱን ማን ጠገነው? ኅሩይ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ስለ አገሩ መጽሐፍ ጻፉ፤ ያየ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም ነበር በዚያ ጊዜ።

የኅሩይን «አዲስ ዓለም» የተሰኘ ልብ ወለድ ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። አወቀ የሚባል የገጠር ልጅ ፓሪስ ተምሮ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ የአባቱን ተዝካር በድግስ አላወጣም ብሎ ከዘመድ ይጣላል። ተማሪ እያለሁ አወቀን እወደው ነበር። ዛሬ ሳነበው ለዘመዶቹም አዝናለሁ። ልጁ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን አንዴ ቁጭ ብሎ ሲሰማቸው አይታይም። ይህን የምለው በደራሲው ለመፍረድ አይደለም፣ በራሴ ስለደረሰ ነው።

ልጆቻቸውን ደግሞ እዩ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ውጭ አገር ላኩ። የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ እንግሊዝ ተምሮ ተመለሰ፤ ጣልያን ሲወርር ከጥቁር አንበሶች ጋር ዘመተ፣ በፋሺስት እጅም ተገደለ። የገብሩ ልጅ ስንዱ ከስዊዘርላንድ ተመልሳ ከዚያው ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰለፈች። ሽማግሌው ከንቲባ ገብሩ ከነቤተሰባቸው በ1929 ዓ.ም. ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ስንዱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆና ተመረጠች። ታናሽ እህቷን ደግሞ ዓለም ሁሉ በፒያኖ አወቃት፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው፣ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት። ኅሩይ ራሳቸው በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ በ1931 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሞቱ።

ታዲያ የኅሩይን ታሪክ «ከድሃ ልጅነት እስከ ሚኒስትርነት» ብለን ብናትመው ምን ይቀራል? ደን ይቀራል፣ ባዝ ይቀራል፣ ፈቃደ ሥላሴም ይቀራል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ የጠራችሁኝ ለዚህ ነውና።

ከንቲባ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ትልቅ የመጋዘን ፕሮጀክት መሬት እንዲለቀቅ ተወሰነ። ውሳኔው ከኔ በላይ ነው የመጣው፣ እውነት ነው፤ ግን ፊርማው የኔ ነው። የተነሺ አርሶ አደሮች ካሳ የሚሰላበት መንገድ በጊዜው በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ግልጽ ነው። ከመሬቱ ላይ ባለፉት 5 ዓመታት የተገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ተይዞ በ10 ይባዛል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለመሬቱ ራሱ ዋጋ የለውም፤ የሚከፈለው ለላዩ ነው። ሕግ ነው የተማርኩት፣ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስሌቱን ከባለሙያዎቹ ጋር እስከ ሌሊት ተቀምጬ አንድ በአንድ አረጋገጥኩ። አንድ ሳንቲም አልተሳሳትንም። በዚህም ኮርቼ ነበር።

ስብሰባው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ዝም ብለው ሲያዩኝ ጊዜ ጨነቀኝ መሰለኝ፣ ያላዘጋጀሁትን ነገር ተናገርኩ። «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ችግራችሁ ይገባኛል» አልኩ። እንዲህ ማለት ሁልጊዜ ይሠራል። በስብሰባም፣ በሬዲዮም፣ በምርጫም ይሠራል። ከታች የመጣ ሰው ከታች መምጣቱን እንደ መታወቂያ አውጥቶ ያሳያል፤ በሩም ይከፈትለታል።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። «ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «አባትህ መሬቱን በስንት ሰጠ?»

አባቴ መሬቱን አልሰጠም ነበር። ያኔ እዚህ ሱሉልታ የድርቆሽ መሬቱ እንዳለ ነበር። አሁን አጥር አለው፣ ያኔ ግን ነበር። ምን ብዬ ልመልስ? «አባቴ... የአባቴ ጉዳይ ሌላ ነው» አልኩ። ሰዉ አልጮኸም፣ አልሳቀብኝም። ሽማግሌው «እሺ» ብለው ተቀመጡ። በኑሮዬ እንደዚያ «እሺ» የከበደኝ ቃል የለም።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር አደረግሁ፤ ትንሽ ነገር ናት። ሰብሉ ገና ማሳው ላይ ስለነበረ፣ ርክክቡ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንዲዘገይ በደብዳቤ ወሰንኩ። ገብሳቸውን አጭደው፣ ወቅተው፣ ጭዳቸውን ከምረው ለቀቁ። ለዚህች ደብዳቤ በግምገማ ላይ «ልማት አዘግይቷል» ተብዬ ክፉኛ ተተቸሁ፤ ማን እንደተቸኝ ማንሳቱ አይጠቅምም። ካሳው ግን ያው ነው፣ አልጨመረም። ጀግና ነበርኩ እያልኩ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ሦስት ወር ነው የሰጠኋቸው።

መጋዘኑ ተሠራ፣ በቆርቆሮ ታጠረ። በማለዳ ወደ ቢሮ ስሄድ በዚያ በር አልፋለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ መኪናዬን ሲያይ ብድግ አለ። ቀረብ ስል እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ሲያርሱት የኖሩትን መሬት በወር ደመወዝ ይጠብቃሉ። በማግስቱም ተነሱ፣ በሠልስቱም። መኪናዬን አስቁሜ ወረድኩና «አባባ፣ እባክዎ አይነሱልኝ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» አልኳቸው።

«ላንተ አይደለም» አሉኝ። «ለወንበሩ ነው የምነሳው።»

ከዚያ በኋላ መንገድ ቀየርኩ። አዎ፣ አታላግጡ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ቢሮ የምገባው። ከንቲባ ከዘበኛ ሲሸሽ! ሹፌሬ ነው በመጨረሻ «ጌታዬ፣ ቤንዚኑ አልበቃ አለን» ያለኝ።

ተመልሼ በዚያው ሄድኩ። ትንሽ በርጩማ ነበራቸው፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቡና በፔርሙዝ ይዤ ነበር። ምን ማውራት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ «ይቺ ቦታ ስሟ ማን ነበር?» አልኳቸው። በኛ ፋይል ላይ «ብሎክ 4» ነው የምትባለው። ሳቁብኝ። የቱ ቦታ? አሉኝ። ከበሩ እስከ ዛፉ ድረስ ብቻ ሦስት ስም ነበረው። ጥጃ የሰመጠበት ረግረግ ስም ነበረው። ሙሽራ ስትሄድ አረፍ የምትልበት ጉብታ፣ እሱም ተደልድሏል፣ ስም ነበረው። ውሃ የሚጠጣበት፣ ውሃ የማይጠጣበት፣ ክረምት የሚታለፍበት፣ የማይታለፍበት፣ የእርቅ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ጥላ። ሁሉም በስም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። ከንቲባነቱ እስኪያበቃ ድረስ፣ በሳምንት አንድም ሁለትም ቀን፣ ከሥራ በፊት እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እሳቸው ይነግሩኛል፤ ሲሳሳትብኝ ያርሙኛል፤ አንዳንዴም «ይህንን እገሌ ነው የሚያውቀው» ብለው ወደ ሌላ ሽማግሌ ይልኩኛል። ከዚህም ሁሉ በኋላ መኪናዬን ሲያዩ መነሳታቸውን አልተዉም።

ኅሩይ ከሠሯቸው ሥራዎች ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ አለ፤ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን አሳትመዋል። የማዘጋጃ ቤት ሰው ሥራ ይመስለኛል ያ። ምን አለን ብሎ መቁጠር፣ ሳይጠፋ መመዝገብ። እኛ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የቆጠርነው ካሬ ሜትር ነው፤ ከሊዝ ውጪ ለምንም የማይሆን ቁጥር ስንቱን መዝገብ ሞልቶታል።

እንግዲህ ለዚህ ነው ዛሬ እሺ ብዬ የመጣሁት፤ ለመምህሮቻችን ጥያቄ አለኝ። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሆናለች፤ ካርታው እንደገና እየተሠራ ነው፤ መንገድ፣ ብሎክ፣ ፓርሴል ሁሉ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። የድሮ ስሞቹን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜ ከ70 በላይ ነው። የኦሮምኛ ትምህርት ክፍል አላችሁ፣ ጂኦግራፊ አላችሁ፣ ታሪክ አላችሁ፣ የሕግ ትምህርት ቤትም አለን። ተማሪዎቻችሁ በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አውቃለሁ፤ እኔም አጥቼ ነበር። ጂፒኤስ ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር ማሳውን፣ ማሳው ከሌለም አጥሩን ዞረው ስሙን በቦታው ላይ ይመዝግቡ። የሕግ ተማሪዎቹም ይምጡ፤ በ10 የሚባዛው ምን እንደሆነ በወረቀት ሳይሆን በእግራቸው ረግጠው ይዩት። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 455ትን ተክቶታል፣ አውቃለሁ፤ እሱንም እዚያው ቆመው ያንብቡት።

ደብተሩ ይኸው። 43 ስሞች አሉበት፤ ሁለቱ ላይ ጥያቄ ምልክት አለ፣ ሽማግሌዎቹ አልተስማሙባቸውም። ለማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ አስረክባለሁ፤ ፎቶ ኮፒው እኔ ጋ ይቀራል።

ሽማግሌው ዘበኝነቱን ትተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው አይጠፉም። መኪና እኔ እችላለሁ። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ነው፤ ማን ማን እንደምትመጡ በሻይ ሰዓት ንገሩኝ።